ኦፕራሲዮን ልሁን ወይስ ልቆይ? ማህፀን ሲወርድ ያለው ምርጫ

«ማህፀንሽ ወጥቷል» የተባለች ሴት ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሳታል። አንዱ «ቶሎ ኦፕራሲዮን ሁኚ፣ ኋላ ካንሰር ይሆናል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተይው፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ ቢላ እንዳታስነኪ» ይላል። ሁለቱም ከሚወዷት ሰዎች አፍ ነው የሚወጣው። ሁለቱም ግን ዋናውን ጥያቄ ይዘሉታል፤ ነገሩ ኑሮሽን ምን ያህል አውኮታል?

ይህን የምጽፈው ለዚያች ሴት ነው። ሰቃ ትኑር፣ አጋሮ፣ ወይም እዚሁ ጅማ ከተማ። ብዙ ጊዜ ስልኩን ይዛ የምታነበው ልጇ ወይም ምራቷ እንደሆነች አውቃለሁ። ለአማቷ የምታነብ ካለች «አንቺ» ያልኩትን «እርስዎ» እያለች ትለፈው።

ማህፀን፣ የሽንት ፊኛና የትልቁ አንጀት መጨረሻ የሚያርፉት በዳሌ አጥንት መካከል በተወጠሩ ጡንቻዎችና ጅማቶች ላይ ነው። እንደ ጠፍር አልጋ አስቢው። ጠፍሩ ሲላላ ከላይ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ የሚወርደው ሁልጊዜ ማህፀን ብቻ አይደለም። ከፊት በኩል የሽንት ፊኛ የብልትን ግድግዳ ገፍቶ ይመጣል። ከኋላ በኩል አንጀት ይመጣል። ማህፀኗ ከዓመታት በፊት በኦፕራሲዮን የወጣላት ሴት እንኳ የብልቷ ጣሪያ ሊወርድ ይችላል። የትኛው ክፍል እንደወረደ ማወቅ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የኦፕራሲዮኑ ዓይነት የሚወሰነው በዚያ ነው።

ጠፍሩን የሚያላላው ምንድን ነው? በአንደኛ ደረጃ በብልት በኩል የሚደረግ ወሊድ፣ በተለይ ምጡ የረዘመ፣ በመሣሪያ የታገዘ ወይም የተደጋገመ ሲሆን። ከዚያ ማረጥ፣ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ የቆየ ሳል፣ የማይለቅ የሆድ ድርቀት፣ ከባድ ሸክም። አንዳንድ ሴት ደግሞ በተፈጥሮዋ ጅማቶቿ የላሉ ናቸው፤ እናቷም እህቷም ይኖርባቸዋል። በአራስነቷ ጀሪካን አዝላ ውሃ የቀዳች፣ ወፍጮ ቤት እህል ተሸክማ የሄደች ሴት ላይ ቢበረታ አይግረማችሁ። እርግማን አይደለም። በመማገጥ የሚመጣም አይደለም። ወደ ባልም አይተላለፍም።

ካንሰርም አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ብዙ ሴት በዚህ ፍርሃት ብቻ ተጣድፋ ስለምትወስን ነው። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ግን ሰበቡን ለብቻው ማስመርመር አለባት። ደሙ ከወጣው ክፍል ቁስል ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል። ሳይታይ መገመት አይቻልም።

ምርመራ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን እንይ። አብዛኛው ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«ወገቤን ነው የኔ ልጅ። ሆዴንም ይነፋኛል።»

በቃ። ሐኪሙ ወጣት ወንድ ነው፣ ከኋላው ሁለት ተማሪዎች ቆመዋል፣ አጠገቧ ወንድ ልጇ ተቀምጧል። ማን ይናገራል? የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። አሥር ዓመት የተሸሸገ ነገር ሌላ አሥር ዓመት ይሸሸጋል። ይህ እንዳይሆን ካርድ ሲወጣ ጀምሮ «የማህፀን ሕክምና ነው» ማለት ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዢ፤ «ከታች የሚወጣ ነገር አለ።» ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ ራሱ ይጠይቃል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ተማሪ መኖሩ የተለመደ ነው። «ሰው ይቀነስልኝ» ወይም «ሴት ሐኪም ካለች ትየኝ» ማለት ግን ነውር አይደለም። ልጅሽንም «አንዴ ውጭ ጠብቀኝ» ማለት ትችያለሽ።

ሌላም አለ። የወረደው ነገር ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሺ ገባ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ማታ ሲሆን ይወርዳል። ቀጠሮው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ተኝተሽ ስትታዪ «ያን ያህል አይደለም» ሊባል ይችላል። እንዲህ ከሆነ «ማታ ማታ ይብሳል፣ ቆሜ ልታይ» በይ። ማሳልና ማማጥም የምርመራው አካል ነው። ሐኪሙ የሚለካው የወረደው ክፍል ከብልት በር ምን ያህል እንደሚርቅ ነው፤ ደረጃውም ከ1 እስከ 4 ይሰጠዋል። ደረጃ 1 ገና ወደ ውስጥ ያለ ነው። ደረጃ 2 በሩ አካባቢ፣ ከላይም ከታችም በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ደረጃ 3 ከዚያ አልፎ የወጣ ነው። ደረጃ 4 ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ነው። ከወለዱ ሴቶች ብዙዎቹ ትንሽ መውረድ አለባቸው፤ ግን አይሰማቸውም። አብዛኛው ሴት «አንድ ነገር አለ» ማለት የምትጀምረው በሩ ላይ ሲደርስ ነው።

እንግዲህ ወደ ውሳኔው።

ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች አሉ። ሽንት አልወጣ ካለ፣ ወይም ለመሽናት በጣት ወደ ውስጥ መግፋት ግድ ከሆነ፣ ፊኛው ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። ይህ ሲቆይ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። የወጣው ክፍል አብጦ አልመለስ ካለ፣ ከልብስ ጋር ተፋትጎ ከቆሰለ ወይም ከደማ፣ ያኔም የምትቆዪበት ምክንያት የለም። ይህ ማለት በማግስቱ ኦፕራሲዮን ማለት አይደለም። ቶሎ መታየት ማለት ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ጊዜ አለው። ደረጃው በየዓመቱ ይጨምራል የሚል ሕግ የለም። ለዓመታት እንዳለ የሚቆይ አለ። በቅርብ የወለደች ሴት ላይ ደግሞ በወራት ውስጥ ራሱ የሚሻሻል አለ። ስለዚህ የማያስቸግርሽን ነገር «ኋላ እንዳይብስ» ብለሽ ኦፕራሲዮን መሆን አያስፈልግም። ይህን አንዳንድ ባለሙያ እንኳ በግልጽ አይናገረውም። እኔ ግን ዋናው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። ደረጃ 3 ኖሯት ገበያ የምትውል፣ የማይከብዳት ሴት አለች። ደረጃ 2 ላይ ሆና በየእርምጃዋ የምትሳቀቅ አለች። ሕክምና የሚያስፈልጋት በቁጥሩ የበለጠችው ሳትሆን የተቸገረችው ናት።

ከኦፕራሲዮን በፊት ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው የዳሌ ጡንቻ እንቅስቃሴ ነው። ሽንትና ጋዝ ለመያዝ እንደምታደርጊው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ማጥበቅ፣ እስከ 10 ሰከንድ መያዝ፣ መልቀቅ። 10 ጊዜ ያህል፣ በቀን 3 ጊዜ። እየሸናሽ አይደረግም፤ ያ ፊኛውን ያውከዋል። ሆድና ቂጥ አይጨበጥም፣ ትንፋሽ አይያዝም። ቡና እየቆላሽም ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠሽም ይሆናል፤ ማንም አያውቅብሽም። በ2014 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ 447 ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት በባለሙያ እየታገዙ የሠሩት ከዓመት በኋላ ችግራቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን 4 ወር ያህል መታገሥ ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ የወጣውንም አይመልሰውም። ደረጃ 4 ላይ ላለች እናት «ስፖርት ሥሪ» ብሎ መላክ ማሾፍ ነው።

ሁለተኛው ሐኪሞች ፔሳሪ የሚሉት ቀለበት ነው። ለስላሳ ሲሊኮን ነው፤ ብልት ውስጥ ገብቶ የወረደውን ደግፎ ይይዛል። በልክ ነው የሚመረጠው፤ የመጀመሪያው ቢወድቅ ሌላ ልክ ይሞከራል። አውጥቶ ማጠብና መልሶ ማስገባት የምትማር ሴት አለች። ካልቻለች ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እየተመለሰች በባለሙያ መታየት አለባት። ፈሳሽና ሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ ግድግዳውን ሊያቆስል ይችላል። ለዓመታት ከተረሳ ደግሞ ሥጋው ውስጥ ይቀበራል፤ ያኔ ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ነገር ይመጣል። መንገዱ በክረምት ጭቃ የሆነባት፣ ለአንድ ቀጠሮ ሙሉ ቀን የምታጣ ሴት ክትትሉን ትችለዋለች ወይ? ቀለበቱ ራሱም በየጤና ተቋሙ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ብትችል ግን ጥሩ ምርጫ ነው። በተለይ መውለድ ላልጨረሰች፣ ወይም በልብና በሳምባ ሕመም የተነሳ ማደንዘዣ ለሚከብዳት።

ቀለበትና ኦፕራሲዮንን ያወዳደረ የኔዘርላንድስ ጥናት አለ፤ በፈረንጆች 2022 የታተመ፣ 440 ሴቶች የተሳተፉበት። ከ2 ዓመት በኋላ «ተሽሎኛል» ያሉት ኦፕራሲዮን ከጀመሩት 81.5 በመቶ፣ ቀለበት ከጀመሩት 76.3 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ያን ያህል አይመስልም። ነገር ግን ቀለበት ከጀመሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመሀል ወደ ኦፕራሲዮን ዞረዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ቀለበት መሞከር በር እንደማይዘጋ ነው። ካልተመቸሽ ኦፕራሲዮኑ የትም አይሄድም።

አሁን ኦፕራሲዮኑ ራሱ። ብዙ ሰው «ማህፀኑ ይውጣና ይገላገል» ይላል። ማህፀኑን ማውጣት ብቻውን አያድንም። የወረደው ማህፀኑ ይሁን እንጂ የላላው ጠፍሩ ነው፤ ማህፀኑ ከወጣ በኋላም ጠፍሩ ያው ነው። ስለዚህ የብልት ጣሪያ ከጠንካራ የዳሌ ጅማት ጋር መታሰር አለበት። የፊትና የኋላ ግድግዳም ከላላ በክር ይሰፋል። ለሐኪምሽ የምታቀርቢው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፤ «ማህፀኑን ካወጣችሁ በኋላ ጣሪያውን ከምን ጋር ነው የምታስሩት?» ተሳድቤ ይሆን ብለሽ አትፍሪ። ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

ማህፀኑ የግድ መውጣትም የለበትም። ሳይወጣ ወደ ላይ ተስቦ ከዳሌ ጅማት ጋር የሚሰፋበት ዘዴ አለ። በማህፀኑና በማህፀን በሩ ላይ ሌላ በሽታ ከሌለ መጠየቅ ይቻላል። ይሁንና መውለድ የምትፈልግ ሴት ኦፕራሲዮኑን ብታቆየው ነው የሚመከረው። ተሰፍቶ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣ እርግዝናና ምጥ የተሠራውን መልሶ ሊያላላው ይችላል።

ለትልልቅ እናቶች ሌላ ዓይነት አለ። የብልቱን ቦይ በአብዛኛው በስፌት መዝጋት። አጭር ነው፣ ለሰውነት ቀለል ይላል፣ ችግሩም ተመልሶ የሚመጣው ጥቂት ላይ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ግንኙነት ማድረግ አይቻልም። እዚህ ጋ ልጆች እናታቸውን ሳይጠይቁ «አሁን ምን ሊያደርግላት» ብለው ይወስናሉ። ተዉ። ብቻዋን ጠይቋት፤ ሐኪሙም ብቻዋን ይጠይቃት።

ስለ መረብ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በብልት በኩል ለዚህ ሕመም የሚገባውን ሰው ሠራሽ መረብ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆች 2019 ከገበያ አስወጥቶታል። ሥጋ እየበሳ መውጣትና የማይለቅ ሕመም ብዙ አቤቱታ አምጥቶ ነበር። በሆድ በኩል የሚገባው መረብ ሌላ ነገር ነው፣ አሁንም ይሠራበታል። አብዛኛው ጥገና ግን በራስሽ ሥጋና በክር ነው የሚሠራው።

ተመልሶ ይወርዳል ወይ? ሊወርድ ይችላል። በፈረንጆች 2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በብልት በኩል ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሴቶችን ለ5 ዓመት ተከታትሎ ነበር። በጥብቅ መለኪያ ሲለካ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ በሆነ መልኩ ተመልሷል ተባለ። ያስደነግጣል። ግን ዳግም ሕክምና ያስፈለጋቸው ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከበፊቱ የተሻለ ኑሮ ነበራቸው። በመስፈሪያ «ወርዷል» መባልና ሴትየዋ መቸገሯ የተለያዩ ናቸው። ቅድም ያልኩት ነው።

ጉዳቱንም ሳንሸፋፍን እንየው። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የእግር ደም መርጋት፣ አልፎ አልፎ ፊኛ፣ የሽንት ቱቦ ወይም አንጀት መነካት። ለጥቂት ቀናት ሽንት አልወርድ ብሎ በላስቲክ ቱቦ መቆየት። ግንኙነት ላይ ሕመም። ከሁሉ ይልቅ ሴቶችን የሚያናድደው ግን አስቀድሞ ያልተነገራቸው አንድ ነገር ነው። የወረደው ፊኛ የሽንት መውጫውን አጥፎት ስለነበር ሽንት አያመልጣትም ነበር። ሲስተካከል መታጠፉ ይለቅና ስትስቅ፣ ስታስል ሽንት ማምለጥ ይጀምራል። «አንዱን አድኜ ሌላ ገዛሁ» ትላለች። ስለዚህ ከኦፕራሲዮን በፊት ፊኛሽ ሞልቶ፣ የወረደው ወደ ላይ ተይዞ እንድታስይ ይደረግ። ሽንት ካመለጠ፣ ምን እንደሚጠብቅሽ ታውቂያለሽ፤ አብሮ ይጠገን አይጠገንም ትማከሪያለሽ።

ምርጫው በሴት ሴት ይለያያል። አንዲት የ34 ዓመት ሴት እንበል፤ ደረጃ 2፣ ሁለተኛ ልጅ የምትፈልግ፣ ማታ ማታ ክብደት የሚሰማት። ለእሷ እንቅስቃሴው፣ ሆድ ድርቀቱን ማከም፣ ሸክም መቀነስ፣ ካስፈለገም ቀለበት። ኦፕራሲዮኑ ይቆይ። ሌላዋ 50 ዓለፍ ያለች፣ መውለድ የጨረሰች፣ መርካቶ ቅመም የምትሸጥ፣ ደረጃ 3። ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ይፈትጋታል፣ ቤተ ክርስቲያን መስገድ ወይም መስጊድ መሄድ ትታለች፣ ከባሏ ርቃለች። ጤናዋም ደህና ነው። እኔ ብሆን ኦፕራሲዮኑን እመርጥላታለሁ። ግን ነገ አይደለም።

ለምን ነገ አይደለም? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም፤ ግንኙነትም አይደረግም። ሐኪምሽ ከዚያ በላይም ሊል ይችላል። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። የተቀዳ ውሃ ማን ያመጣል? እንጨቱስ? ልጅ ማን ያዝላል? ጅማ ዙሪያ ደግሞ የቡና ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይጠናከራል። በዚያ ወቅት «አርፌ እተኛለሁ» የምትል ሴት አላውቅም። በሳምንቷ ቅርጫት አንግታ ትወጣለች፤ ስፌቱም አብሮ ይሄዳል። ከለቀማው በኋላ ቀጠሮ ማስያዝ፣ ወይም ቀድሞ ማድረግና ሰው ማዘጋጀት ነው የሚያዋጣው። ባል እዚህ ላይ ይገባል። ፊርማው ላይ ሳይሆን ጀሪካኑ ላይ።

ወጪውን በተመለከተ፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆንሽ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሪፈር ይጻፍልሽ። ያለ ሪፈር ቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ሽፋኑን ሊያሳጣሽ ይችላል። መታወቂያው መታደሱን አስቀድመሽ እዪ። ሳልሽን፣ ስኳርሽን፣ ደም ግፊትሽን፣ ደም ማነስሽን ከቀጠሮው በፊት አስመርምሪ። የምትወስጃቸውን ኪኒኖች ከነካርቶናቸው ያዢ፤ የባህል መድኃኒት ከታች ያደረግሽ እንደሆነም ሳታፍሪ ተናገሪ፤ ቆዳውን ያቃጥለዋልና ሐኪሙ ቁስሉን እስኪያድን ሊያቆይሽ ይችላል።

ኦፕራሲዮን ሆነሽ ቤት ከገባሽ በኋላ ትኩሳት ከያዘሽ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ፣ ደሙ ፓድ ወይም ጨርቅ ቶሎ ቶሎ የሚያስቀይር ከሆነ፣ ሽንት ከተዘጋ፣ አንድ እግርሽ አብጦ ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ የቀጠሮሽን ቀን አትጠብቂ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተመለሺ። የኦፕራሲዮኑን ወረቀትሽንም ይዘሽ ሂጂ።